ካፖርት ሲመርጡ ከትከሻ ይጀምሩ

የባሌዋ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎባ ከእሷም ከፍ ትላለች። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ሳነቴ አምባ ላይ ሲደርስ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ሮቤ ላይ በሹራብ የሚገፋ ጠዋት ሳነቴ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ረፋዱ ላይ ያው ሰማይ ጃኬት ያስወልቃል። ለእንዲህ ያለ አየር ሲሞቅ ፊቱ ተከፍቶ የሚለበስ፣ ሲበርድ ግጥም የሚል ረጅም ካፖርት የሚያህል የለም።

ካፖርት ግን ለባሹን ያጋልጣል። ጋቢ ልክ የለውም፤ አራት ድርብ ጥጡ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ይጠቀልላል። ከበግ ፀጉር የሚሠራው የመንዝ በርኖስም ከትከሻ ይወርዳል እንጂ ወገብና እጅጌ አይጠይቅም። ካፖርት ትከሻው፣ ደረቱ፣ እጅጌውና ወገቡ ተለይቶ የተሰፋ በመሆኑ የሌላ ሰው ልክ ከሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ሌሊት በር የሚጠብቁ ሰዎች የሚለብሱትን ወታደራዊ ካፖርት ያስታውሱ። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ይሞቃልም፤ እጅጌው ግን ጣት ይሸፍናል፣ ትከሻውም ወደ ክንድ ይንሸራተታል። ሥራው የሚፈልገው ሙቀቱን ስለሆነ እዚያ ላይ የሚፈርድ የለም። ለቢሮ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለጁምዓ የሚለብሱት ከሆነ ግን ሰው ያያል።

ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልናገር፦ ዓይንዎንም ገንዘብዎንም ትከሻው ላይ ያውሉ። ትከሻው ልክዎ የሆነ ካፖርት ቁመቱ ቢረዝም፣ ሆዱ ጋ ቢሰፋ፣ እጅጌው ቢወርድ ደህና ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ትከሻው ልክዎ ያልሆነውን ግን በነጻ ቢሰጡዎት እንኳ ይለፍዎት።

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይለካዎ። ራስን መለካት ጀርባ ላይ አይሆንም። ሸሚዝ ብቻ ለብሰው፣ ትንፋሽ ሳይስቡ፣ ሆድም ሳያስገቡ ይቁሙ። ሆድ አስገብቶ የተለካ ሰው ካፖርቱን የሚለብሰው ሆዱን አስገብቶ እስከቻለ ድረስ ነው።

የሚለኩት አምስት ቦታ ነው። ትከሻ በጀርባ በኩል፣ ከአንዱ ትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው። ደረት በብብት ሥር ዙሪያውን። ሆድ በእምብርት ላይ ዙሪያውን። እጅጌ ከትከሻ አጥንት ጫፍ፣ ክንድ ትንሽ ታጥፎ፣ እስከ አውራ ጣት ሥር። ቁመት አንገት ሥር ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ጉልበት መሐል። ቁጥሮቹን ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ገበያ ውስጥ ሻጩ “ይሄማ ልክህ ነው” ሲል ለመከራከር ይረዳሉ።

ደረትና ሆድ ላይ ካፖርቱ ከሰውነትዎ መስፋት አለበት፤ ከሥሩ ሹራብ፣ አንዳንዴም ኮት አለና። ከደረትዎ ዙሪያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካፖርት ለባሌ ብርድ ይበቃል። ደረትዎ 96 ከሆነ ካፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከብብት እስከ ብብት ሲለኩት 56 ወይም 57 ሴንቲ ሜትር ማግኘት አለብዎት፤ ሁለት እጥፉ ዙሪያው ነው። ሆድዎ ከደረትዎ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ሂሳቡን በሆድዎ ቁጥር ይጀምሩ።

ትከሻው

ሊገዙት ሲሄዱ ክረምት ከበጋ የሚለብሱትን ሹራብ ለብሰው ይሂዱ። ካፖርቱን ይልበሱና አንድ ጎንዎን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ካፖርቱና ክንድዎ አንድ ላይ ሊነኩት ይገባል። የካፖርቱ ትከሻ ቀድሞ ግድግዳውን ከመታና ክንድዎ ገና ጣት በሚያስገባ ርቀት ላይ ከቀረ፣ ሰፍቶዎታል። ካፖርት ከኮት በላይ የሚደረብ ስለሆነ ከአጥንትዎ ጫፍ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለፉ አይጠላም። ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉት።

ቀጥሎ መስታወት ፊት ይቁሙ። ከትከሻው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ እጅጌው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥላ ካዩ፣ ትከሻው ውስጥ የሚሞላ ሥጋ አጥቷል ማለት ነው። ከአንገት ወደ እጅጌ የሚሄድ የተወጠረ ሽብሽብ ካዩ ደግሞ ጠቧል። ከኋላ ሰው ያሳይዎት፤ ኮሌታው ከአንገትዎ ተለይቶ ክፍተት ከፈጠረ የካፖርቱ ሚዛን ከጀርባዎ ጋር አልተስማማም። ይህን የኮሌታ ጉድለት ብዙ ገዢ አያየውም፣ ከጀርባ በኩል ስለሆነ።

አሁን ይቆልፉትና ሁለት እጅዎን እንደ ባጃጅ ነጂ ወደ ፊት ይዘርጉ። ጀርባዎ ላይ ቢወጠር ችግር የለም። ስፌቱ ከተንጫጫ ወይም ቁልፉ ከጎተተ ግን ጠቦዎታል። ከዚያ ይቀመጡ፤ በአውቶቡስ ከሮቤ አዲስ አበባ ድረስ ያለው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚቀመጡትም ይህንኑ ለብሰው ነው።

ትከሻ ለምን አይስተካከልም? እጅጌው መፈታት አለበት፣ ገበሩ መከፈት አለበት፣ የውስጥ ስፖንጁ መውጣት አለበት፣ ጨርቁ ተቆርጦ የእጅጌው ክብ እንደገና መገጠም አለበት፣ አንዳንዴም ኮሌታው ይነሣል። ሲጨርሱት እጅጌው ተጣሞ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሊዞር ይችላል። ለዚያ የሚጠየቀው የእጅ ዋጋም ሌላ ካፖርት የሚገዛ ሆኖ ይገኛል።

ትከሻ ሁለት ዓይነት አሰፋፍ እንዳለው ልብ ይበሉ። አንደኛው እጅጌው ትከሻ ጫፍ ላይ በክብ ስፌት የተገጠመ ነው። ሌላው እጅጌው ከኮሌታው ሥር ጀምሮ በሰያፍ ስፌት የሚወርድ፣ ራግላን የሚባለው ነው። ስሙ የተወሰደው በ1815 በዋተርሉ ጦርነት ክንዳቸውን ካጡት እንግሊዛዊ መኮንን ሎርድ ራግላን እንደሆነ ይነገራል። ራግላን ትከሻው ላይ ስፌት ስለሌለው ልክ አይጠብቅም። ትከሻቸው ሰፊ ለሆነ፣ ማሳ ውስጥ ለደነደኑ ሰዎች ይመቻል። ትከሻው ለወረደ ሰው ግን አይሆንም፤ ይበልጥ ያወርደዋል።

የእርስዎ ሰውነት የትኛው ነው?

አጠር ላሉ፦ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ የተነሡትን ፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች፣ ንጉሡ በቁመት አጭር እንደነበሩ ሲሰሙ ይገረማሉ። ጥቁር ካባ ከትከሻቸው ያለ ቀበቶ፣ ያለ ትልቅ ኪስ፣ ያለ ሌላ ቀለም በቀጥታ ይወርዳል፤ የተመልካች ዓይንም ከላይ እስከ ታች የሚቆምበት የለውም። አጭር ሰው ካፖርት ሲመርጥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ባለ አንድ ረድፍ ቁልፍ፣ ጠበብ ያለ ኮሌታ፣ በጎን በሰያፍ የተቀደደ ኪስ፣ ከሱሪው ጋር የሚቀራረብ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ ቀለም። ቀበቶ ያለውን ከወደዱት ቀበቶውን ይተዉና ማንጠልጠያዎቹን ያስፈቱ። ቁመትዎ ከ1 ሜትር ከ70 በታች ከሆነ ጫፉ ከጉልበት በላይ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ይብቃ። ከጉልበት ያለፈ ካፖርት አጭር ሰው ላይ እግር ይበላል።

ቀጭንና መለሎ ለሆኑ፦ እነዚህ ሁሉ ይሆንላቸዋል፤ ብዙ መናገርም አያስፈልግም። ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ቀበቶ፣ ከላይ የተለጠፈ ትልቅ ኪስ፣ ወፈር ያለ ሸካራ ጨርቅ፣ ከጉልበት በታች የወረደ ቁመት። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ እጅጌ። ረጅም ሰው ቦንዳ (ልባሽ ልብስ) ውስጥ ትከሻውና ደረቱ የሆነለትን ካፖርት ሲያገኝ እጅጌው አንጓው ላይ ይቀርበታል። ከመግዛትዎ በፊት የእጅጌውን ጫፍ ገልብጠው ወደ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ መኖሩን በጣትዎ ይዳስሱ። አራት ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ካገኙት ይለቀቃል፤ ካላገኙት የሚጨመርለት የለም።

ቦርጭ ላላቸው፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሮቤም ሆነ ጎባ ካፖርት ከሚገዙት ወንዶች ብዙዎቹ ይህን ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹም የሚሳሳቱት በአንድ መንገድ ነው። ሆዳቸው እንዲደበቅ ሰፊ ካፖርት ይገዛሉ። ሰፊ ካፖርት የሚመጣው ሰፊ ትከሻ ይዞ ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ከሆዱ ጋር ትከሻውም ጭኑም የወፈረ ይመስላል። ደግሞ ተቃራኒውን የሚያደርግ አለ፦ ትከሻው የሆነለትን ገዝቶ ሆዱ ላይ እያስጨነቀ ይቆልፋል፣ ከቁልፉ ግራና ቀኝ የተወጠሩ ሽብሽቦች ይፈነጠቃሉ። ሁለቱም አያዋጡም።

የሚያዋጣው ትከሻው ልክ የሆነውን፣ ደረቱ ሰፋ ያለውን፣ ከደረት እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መምረጥ ነው። ወገቡ ጋ ገባ ያለ ቅድ ካለው ልብስ ሰፊው የጎን ስፌቱን ይልቀቀው። ብዙ ካፖርት ጎኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ አለው፣ በሁለቱም ጎን ሲለቀቅ ዙሪያው ላይ ከሁለት እስከ አራት ይገኛል። ካልበቃ ቁልፎቹን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ጫፍ ማስጠጋት ይቻላል። ባለ አንድ ረድፍ ቁልፍ ይሁን፤ ባለ ሁለት ረድፍ ሆድ ላይ ሁለት ድርብ ጨርቅ ይጨምራል። ትከሻው ደንደን ያለ፣ ስፖንጁ ያልሞተ ይሁን፤ ትከሻ ቀጥ ሲል ሆድ ይቀንሳል፣ ዓይን ወደ ላይ ስለሚሄድ። ቁመቱ ጉልበት ላይ ይብቃ። ሲለብሱትም የታችኛውን ቁልፍ ክፍት ይተዉ። ስልክ፣ የቁልፍ ጥቅልና የብር ቦርሳ ከጎን ኪስ አውጥተው ወደ ውስጥ ኪስ ያስገቡ፤ የሞላ የጎን ኪስ የሆድን ስፋት በእጥፍ ያሳያል።

ትከሻቸው ለወረደ ወይም ለጠበበ፦ በክብ የተገጠመ እጅጌና የትከሻ ስፖንጅ ያስፈልግዎታል። ስፖንጁ የሟሸሸ ከሆነ ልብስ ሰፊው ገበሩን ከፍቶ ይቀይረዋል፤ ቀላል ሥራ ነው። ሰፋ ያለ የደረት ኮሌታም ትከሻን ይዘረጋል። ቀበቶ አጥብቀው አይሰሩ።

አንገታቸው አጭር ለሆነ፦ ኮሌታው ዝቅ ብሎ፣ የመጀመሪያው ቁልፍ ደረት መሐል የሚገኝ። በሻርፕ ፈንታ ቀጭን ሹራብ። አንገተ ረጅሞች የዚህን ተገላቢጦሽ ይውሰዱ፤ ቆሞ የሚዘጋ ኮሌታ ከሳነቴ ነፋስም ያድናቸዋል።

ጀርባቸው ለጎበጠ፦ ለአባትዎ የሚገዙ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። ጎበጥ ያለ ሰው ካፖርት ሲለብስ ከኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከፊት ይወርዳል፤ ኮሌታውም ከአንገቱ ይርቃል። ትከሻው ልክ ከሆነ ልብስ ሰፊው ከፊት በኩል ጫፉን ሦስት ያህል ሴንቲ ሜትር አሳጥሮ ዙሪያውን እኩል ያደርገዋል። ለሽማግሌ ክብደቱም ይታይ። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ካፖርት ትከሻ ላይ ሲውል ያደክማል።

ጭቃ፣ ፈረስና ሞተር

መጽሔት ላይ የሚታየው ከቁርጭምጭሚት የሚቀርበው ካፖርት ሮቤ ላይ አይመከርም። ባሌ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግም ክረምትም ይዘንባል። የሮቤ ጥቁር አፈር፣ ኮትቻው፣ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል። ከጉልበት በታች የወረደ ጫፍ ከቦቲው የሚረጨውን ጭቃ ይጠጣል፣ ጭቃውም ደርቆ ሲፈቀፈቅ የጨርቁን ፀጉር ይዞ ይነሣል። ረጅም ሆነው የወረደ ካፖርት የሚያምርብዎት ከሆነ ለበጋው ይያዙት።

ከዲንሾ ወይም ከአጋርፋ በኩል በፈረስ የሚመጣ ሰው ካፖርቱ ከኋላ መሰንጠቅ አለበት፤ ልብስ ሰፊዎች ስፓኮ የሚሉት ማለት ነው። ስፓኮው እስከ መቀመጫ ድረስ ከፍ ካላለ ኮርቻ ላይ ሲወጡ ጨርቁ ከኋላ ተሰብስቦ ይቀመጥብዎታል፣ ስፌቱም ይቀደዳል። ለሰጋጅም እንዲሁ ነው፤ ስፓኮ የሌለው ካፖርት ሲሰግዱ ጉልበት ላይ ይያዛል። የተዘጋውን ማስከፈት የሚቻለው ጀርባው መሐል ላይ ስፌት ካለው ነው። በሞተር የሚሄድ ሰው ግን ከጉልበት በላይ የሚቀር ይልበስ ወይም ጫፉን ጭኑ ሥር አጥፎ ይቀመጥበት፤ ሰንሰለትና ጎማ የያዘው ጨርቅ ለባሹን ይዞ ይወድቃል።

ከጎባ ዶሎ መና የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከሳነቴ ውርጭ ተነሥቶ በሐረና ጫካ በኩል ቆላ ይገባል። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ገበሩ የሚፈታ ካፖርት ይሻላል፤ አንዳንዱ በዚፕ ወይም በቁልፍ የተያያዘ ሙቅ ገበር አለው።

ቦንዳ ላይ

ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል፤ ቦንዳው ግን ገበያ ላይ አለ። ከአዲሶቹ የቻይናና የቱርክ ካፖርቶች ጋር ሲወዳደርም ጨርቁ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እኔን ከጠየቁኝ ስስ አዲስ ካፖርት ከመግዛት ደህና ቦንዳ ፈልጎ ለልብስ ሰፊ መክፈል ይሻላል።

ቦንዳ ውስጥ ያለው ካፖርት የተሰፋው ለሌላ አገር ሰው ነው። ኮሌታው ሥር ወይም የውስጥ ኪሱ ላይ የተሰፋውን ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። የአውሮፓ ቁጥር 48፣ 50፣ 52 እያለ የሚሄደው የደረትን ዙሪያ ግማሽ በሴንቲ ሜትር ያሳያል፤ 50 ማለት ደረቱ 100 የሆነ ሰው። የእንግሊዝና የአሜሪካ 38፣ 40፣ 42 በኢንች የተለካ የደረት ዙሪያ ነው፤ 40 የሚለው ከአውሮፓው 50 ጋር ይቀራረባል። ከቁጥሩ ጎን ኤስ ካለ ለአጭር፣ አር ለመካከለኛ፣ ኤል ለረጅም ሰው የተቆረጠ ነው። የጀርመን ካፖርት ላይ 24 ወይም 25 ካዩ ለልጅ መስሎዎት አይለፉት። 25 ማለት የ50 ደረት ያለው አጠር ያለ ሰው ልክ ነው፣ እጅጌውም ቁመቱም ያጥራል። አጭርና ደንዳና ለሆነ ወንድ ይህን የሚያህል ግኝት የለም። የኮሪያው 95፣ 100፣ 105 ደግሞ የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ነው።

ቁጥሩ ወዴት እንደሚፈልጉ ያሳያል እንጂ አይፈርድም። በሜትርዎ ይለኩ።

የሴት ካፖርት የወንድ ነው ተብሎ መሸጡም አለ፣ ክፋት ሳይኖርበት፤ ሻጩም አያውቀውም። የወንድ ካፖርት ሲለብሱት ቁልፎቹ በቀኝዎ፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በግራዎ በኩል ናቸው። በተቃራኒው ከሆነ የሴት ነው፤ ደረቱ ላይ የተቋጠረ ስፌት፣ ዳሌውም ጋ ስፋት ይኖረዋል፣ ትከሻውም ይጠባል። ብዙ ወንድ “ካፖርት አይሆነኝም” የሚለው እንዲህ ያለውን ሞክሮ ነው።

ጨርቁን ለመለየት ከውስጥ በኩል፣ ከጫፉ እጥፋት ላይ፣ ሻጩን አስፈቅደው አንድ ክር ይሳቡና በክብሪት ያቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል፤ የፀጉር ሽታው ካመዘነ ይውሰዱት። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ሙቀቱን አይለቅም። ለበልግ ካፊያ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ከዚያ ካፖርቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው ብርሃን ያሳልፉበት። ብል የበላው ቀዳዳ ከመርፌ ራስ ባይበልጥም በብርሃን ይታያል። አንድ ሁለት ቀዳዳ ይጠገናል፤ ብዙ ከሆነ ገና የሚፈለፈልም ይኖርበታልና ይተዉት። ብብቱ ውስጥ ገበሩ ተበልቶ እንደሆነ ይዩ፣ ኪሶቹን እስከ ታች ድረስ ይዳብሱ፣ ቁልፍ ከጎደለ ገበሩ ላይ ትርፍ ተሰፍቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ቤት ሲወስዱት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ገልብጠው ይስቀሉት፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በጋለ ካውያ ይጫኑት። ሱፍ በፈላ ውኃ አይታጠብም፤ ተኮማትሮ የልጅ ልብስ ይሆናል።

ቀለሙን ባጭሩ ልለፍ። ጥቁር ሁሉን ያቀጥናል ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ነገር ግን በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር የሚያነሣውን አቧራና ገለባ ሁሉ ይይዛል። ጥቁር ግራጫ ለሮቤ ከጥቁር ይሻላል፣ ቡናማም ጥሩ ነው። የግመል ቀለም ያለው ያምራል፤ ጭቃው ግን አይተወውም።

ልብስ ሰፊው ጋ

ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የጎን ስፌት፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ቁመት መጨረሻ። ጎኑ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ጫፉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ቁመትን ቀድሞ ማስቆረጥ ሥራን ሁለት ጊዜ ያሠራል።

ቁመት ላይ ስግብግብ አይሁኑ። ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ካሳጠሩት ኪሱ ወደ ጫፉ ተጠግቶ ካፖርቱ ግማሹ የጠፋ ይመስላል፤ ስፓኮውም ያጥራል። ያን ያህል ማሳጠር ካስፈለገ ካፖርቱ መጀመሪያም የእርስዎ አልነበረም። እጅጌው ክንድዎን ቁልቁል ሲለቁት የሸሚዝዎን እጅጌ ሸፍኖ አውራ ጣት ሥር ይቁም። ቁልፎች እጅጌው ላይ ካሉ ልብስ ሰፊው ሲያሳጥር ወደ ላይ እንዲያስነሣቸው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ጫፉ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ።

አዲስ የሚያሰፉ ከሆነ ወርዱ ሜትር ከሃምሳ የሆነ ጨርቅ ለጉልበት ልክ ካፖርት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይበቃል፤ ቦርጭ ላለው ወይም ለረጅም ሰው ሦስቱን ይግዙ፣ ገበርም እንደዚያው። የኮት ሱፍ በካሬ ሜትር 250 ወይም 300 ግራም ሲመዝን የካፖርት ጨርቅ ወደ 500 ይጠጋል፤ ሚዛን ባይኖርም በእጅ ሲጨብጡት ወዲያው ይለያል፣ ሲለቁትም ሽብሽቡ ይዘረጋል። ካፖርቱ በክር ብቻ ለጊዜው ተያይዞ ሳለ ፕሮቫ፣ ማለትም ለብሶ መሞከር፣ ይጠይቁ። ፕሮቫ ሳያሳይ እጅጌ የሚገጥም ልብስ ሰፊ ካፖርት አይሰጠውም። ሰዎች ለሱሪና ለሸሚዝ የለመዱትን ሰፊ ለካፖርት ያው ይቀጥራሉ፤ ካፖርትና ኮት የሰፋ እጅ ግን የተለየ ነው። ከመስጠትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ የተሰቀለ ያለቀ ኮት ካለ ትከሻውን ይዩ፤ እጅጌው ያለ ሽብሽብ ከገባ ሰውየው ያውቅበታል።

ለፕሮቫ ሲሄዱ ከሥሩ የሚለብሱትን ሹራብና የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይሂዱ። በዓል ሲቃረብ ልብስ ሰፊ ይጨናነቃል፣ የተጨናነቀ ሰፊም ትከሻ አያይም፤ ስለዚህ ብርዱ ሳይጀምር፣ በጥቅምት መጀመሪያ ይስጡት።